ለምለሙ ዳስና የማግስቱ ጎጆ

ቀድሞ በአንድ ቤት ሠርግ በታሰበ ጊዜ፥ ወላጆች እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁት «ዳሱ በየት በኩል ይጣል?» እያሉ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ቤት የሚሰማው ጥያቄ «የት ቦታ እንከራይ?» የሚል ሆኗል። ልጆቻችንም የሚመኙት ስፍራ ዛፉ የበዛበት፥ ሣሩ የለመለመና አበባው የፈካ መናፈሻ ነው። ይህ ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። የሰው ልጅ የመጀመሪያ ቤቱ ገነት ነበረች፤ የመጀመሪያው ጋብቻም የተመሠረተው በዛፎች መካከል ነው። እንግዲህ በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረው ልምላሜን መውደድ ይገባል ወይስ አይገባም በማለት አይደለም። የምንነጋገረው ለሠርጋችን የምንመርጠው ልምላሜ ከወዴት እንደሚገኝ፥ ዋጋውንም የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ነው።

ለዚህ ነገር ከአዊ አገር የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ዳንግላን ዐልፎ፥ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ እንጅባራ ሲወጣ፥ ዓይኑ ከአረንጓዴ ወደ አረንጓዴ ይሸጋገራል። በፋግታ ለኮማ ኮረብታዎች ላይ ገበሬው በእጁ የተከለው የዲከረንስ ደን በተርታ ቆሞ ይታያል። ወደ እንጅባራና ወደ ባንጃ ሲቀርብ ደግሞ በየቤቱ ጓሮ የደጋ ቀርከሃ ተሰብስቦ ይወዛወዛል። ከከተማው አቅራቢያም በጥንት እሳተ ገሞራ የተቦረቦረው የዘንገና ሐይቅ በደን ተከቦ ተኝቷል። እንጅባራ ራስዋ ኮሶ በር ተብላ የምትጠራ ከተማ ስለ ሆነች፥ በስምዋም እንኳ ዛፍን ታስታውሳለች። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ለምለም ስፍራ አጣሁ ሊል አይችልም። ነገር ግን የሚያስደንቀው፥ በዚሁ አገር ልምላሜን በገንዘብ ለመግዛት ሲባል ልምላሜ የሚሸጥበት ጊዜ መኖሩ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት እናንሣ። ነገሩ በብዙ ቤት የሚደርስ ስለ ሆነ ስም መጥራት አያስፈልገንም። አባት ሴት ልጁን ሊድር ነው። ልጂቱ በከተማ ተምራ የተመለሰች ስትሆን፥ ጓደኛዋ በአንድ መናፈሻ እንደ ተዳረች ለእናትዋ አጫውታለች። እናት ለአባት ነገረች፤ አባትም ለጥቂት ቀናት ዝም ብሎ ከሰነበተ በኋላ ከራት በኋላ ልጁን ጠራት።

«ልጄ፥ እንደ ጓደኛሽ በመናፈሻ ትዳሪያለሽ። ዲከረንሱን ለነጋዴ እሸጠዋለሁ» አላት።

«አባባ፥ ዲከረንሱ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሦስተኛውን ጨርሷል።»

«አልደረሰማ! ደግሞስ እርስዎ ለወንድሜ ትምህርት ያሰቡት አልነበረም እንዴ?»

«ለወንድምሽ እግዜር ያውቃል። ጎረቤታችን በመናፈሻ ድሮ እኔ በጓሮዬ ብድር ሰው ምን ይለኛል?»

እናት ምጣድዋን እያሰሰች ታዳምጥ ነበርና፥ ቀና ብላ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች፤ «እንግዲያው ለልምላሜ ስንል ልምላሜያችንን እንቈርጣለን ማለት ነዋ!» አለች። በዚያ ምሽት ከዚህ በላይ የተናገረ አልነበረም።

የዲከረንስን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ይገባል። ይህ ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ በአዊ ገበሬዎች ዘንድ እንደ ሰብል የሚቈጠር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተከላል፤ ጤፉ ከታጨደ በኋላ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለው ሣር ለከብት ይሆናል፤ በዐራተኛው ወይም በዐምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቈርጦ ከሰል ይከሰላል። ስለዚህ ሦስት ዓመት የሆነው ዲከረንስ ገና እሸት ነው፤ ዋጋው የሚያድግበትም ጊዜ የቀረው አንዱና ሁለቱ ዓመት ነው። ከዚህም በላይ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዛፉን የሚያደርቅ የዝገት በሽታ በአዊ ስለ ገባ፥ «ይህን ሸጬ ሌላ እተክላለሁ» ብሎ መተማመን እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። እንግዲህ ያ አባት ሊሸጥ ያሰበው እንጨት ብቻ አልነበረም፤ የልጁን የትምህርት ዓመትና የራሱን የዕድሜ መጠጊያ ጭምር ነበር።

ከዚህ በመነሣት ለሠርግ ስፍራ የምንመርጥ ሁሉ ልንይዘው የሚገባን አንድ መመዘኛ አለ። ይኸውም፦ ለምለም ስፍራ ማለት እኛ ከሄድንም በኋላ ለምለም ሆኖ የሚቀር ነው፤ መልካም ዳስም ማለት በማግስቱ የሙሽሮቹን ጎጆ የሚያቆም እንጂ የሚያራቁት አይደለም። የቀረውን ምክር ሁሉ በዚህ መመዘኛ እንመልከተው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሠርግ የመጀመሪያ ስፍራው ቤተ ክርስቲያን መሆኑን አንዘንጋ። ዳሱም ሆነ መናፈሻው ሁለተኛ ነው። በሥርዓተ ተክሊል የሚጋቡ ሙሽሮች ጸሎቱን ተቀብለው፥ ቅዳሴ አስቀድሰውና ቅዱስ ቍርባን ተቀብለው ወደ ማዕድ ይሄዳሉ። ይህም ማለት ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህልና ውሃ ሳይቀምሱ የቆዩ ናቸው። ስለዚህ የማዕዱ ስፍራ ከቤተ ክርስቲያኑ እጅግ የራቀ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። አንዳንድ ሚዜዎች ሙሽሮቹን ከቅዳሴ አውጥተው በቀጥታ ወደ ሐይቅና ወደ ፏፏቴ እየወሰዱ፥ ፎቶግራፍ ሲያስነሡ ሰዓቱ ያልፋል፤ ሙሽራዪቱ ትዝላለች፥ እድምተኛውም ተቀምጦ ይጠብቃል። ፎቶግራፉ የግድ ከሆነ ከማዕድ በኋላ ወይም በማግስቱ ይሁን። የንስሓ አባትንም ቀኑ ከመቈረጡ በፊት እንጂ የጥሪ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ማማከር ተገቢ አይደለም።

ቀኑን በተመለከተ ቤተሰብ ሁሉ አስቀድሞ የአጽዋማቱን ሐሳብ ይመልከት። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ይቆያል። ከበዓለ ጥምቀት፥ ከጥር 11 ቀን፥ እንዲሁም የቃና ዘገሊላ ሠርግ ከሚታሰብበት ከጥር 12 ቀን በኋላ የሠርግ ወራት ይከፈታል። ነገር ግን ይህ ጊዜ በየዓመቱ እኩል አይደለም። ጾመ ነነዌ ቀድሞ ቢመጣ ጥር 17፥ ዘግይቶ ቢመጣ የካቲት 21 ቀን ይገባል፤ ዐቢይ ጾምም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ስለዚህ በአንዱ ዓመት ለሠርግ ሰፊ ጊዜ ሲኖር፥ በሌላው ዓመት እጅግ ጠባብ ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዐርብ እንኳ የማይጾሙበት ስለ ሆነ ለድግስ የተመቸ ነው። ነገር ግን ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ቀን በሚደርስ ልዩነት የሚውል በመሆኑ፥ በዘገየበት ዓመት ሠርጉ ሁሉ በግንቦት ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መመዘን ያስፈልጋል። በጥር ወር በአዊ ሰማዩ የጠራ ነው፤ ዝናብ ዳስ ያፈርሳል የሚል ሥጋት የለም። ነገር ግን በሜዳው ያለው ሣር መገርጣት ጀምሯል፤ የተወሰኑ ዛፎችም ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። በግንቦት ደግሞ ምድሩ ዳግመኛ ይለመልማል፤ ሆኖም የአዊ ዝናብ የሚጀምርበት ወራት ስለ ሆነ፥ ጠዋት የጠራው ሰማይ ከቀትር በኋላ ሊያወርድ ይችላል። በጥር የሚደግስ ሰው ስፍራውን በዓመቱ ሁሉ ቅጠላቸው በማይረግፍ ዛፎች፥ ማለትም በወይራ፥ በጽድ፥ በዝግባና በቀርከሃ አጠገብ ይምረጥ። በግንቦት የሚደግስ ግን ከልምላሜው ይልቅ የጣራውን ነገር አስቀድሞ ያስብ፤ መሬቱም ውሃ የማይቋጥር፥ ጥቂት ዘንበል ያለ ይሁን።

ብርዱም አይረሳ። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆንዋ፥ በጥር ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል። ዳንግላ ግን ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ለስላሳ ናት። በእንጅባራ በሜዳ ላይ የሚደረግ ድግስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢፈጸም ለሽማግሌዎችና ለሕፃናት ጤና ይበጃል። እንዲሁም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ በታላቅ ድምቀት ስለሚከበር፥ በዚያ ሰሞን ማደሪያና መጓጓዣ ይጣበባል። ከሩቅ አገር እንግዳ የሚጠብቅ ቤተሰብ ይህን አስቦ ቀኑን ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ያድርግ። በሌላ በኩል ሙሽራውን በፈረስ ማጀብ የሚወድ ዘመድ ያለው ሰው፥ ፈረሶቹ ከበዓሉ ድካም የሚያርፉበትን ጊዜ ቢሰጣቸው ይመረጣል።

አሁን ወደ ስፍራው ምርጫ እንመለስ። በአገራችን ከሁሉ የለመለመው ስፍራ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በሰሜኑ ደጋ ከጥንቱ ደን የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ይህንኑ የቤተ ክርስቲያን ደን የሚመለከት ነበር። በእነዚህ ደኖች ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች አንዱ፥ ከብት እየገባ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር የሚበቅለውን ችግኝ መርገጡና መብላቱ ነው። የከብት እግር የሚጎዳውን የሰው እግርም ይጎዳዋል። አምስት መቶ እድምተኛ ለአንድ ቀን የሚረግጠው መሬት፥ ነገ ኮሶና ዝግባ ይሆን የነበረውን ቡቃያ ያጠፋል። ስለዚህ በቅጥሩ ውስጥ ጸሎታችንን እናድርስ፥ በዛፉም ጥላ ጥቂት እንረፍ፤ ጠላውንና ዘፈኑን ግን ወደ ሰፈራችን እንውሰድ። ከዚያ ቅጥር ለዳስ ማስጌጫ ቅርንጫፍ መቍረጥም ፈጽሞ የማይገባ ነው። አባቶቻችን ያንን ደን ለእኛ ያቆዩልን በምሳር ሳይሆን በፍርሃተ እግዚአብሔር ነው።

ሐይቁም እንዲሁ ነው። የዘንገናን ዳርቻ አይቶ በዚያ ለመደገስ የማይመኝ የለም። ነገር ግን በገደል ወደተከበበ ውሃ ዳር ብዙ ሕዝብ፥ በተለይም ሕፃናትን ይዞ መውረድ አደጋ አለው። ደግሞም ከድግስ በኋላ የሚቀረው ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ በነፋስ ተነድቶ ወደ ውሃው ይገባል። ሙሽሮቹ ከጥቂት ሚዜዎች ጋር ሄደው ማየታቸው ይበቃል።

በከተማ በኪራይ ቤት የሚኖር፥ ጓሮ የሌለው ቤተሰብ መናፈሻ ቢከራይ ትክክል ነው፤ በዚህም ሊያፍር ወይም ሊወቀስ አይገባውም። ይሁን እንጂ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ስፍራውን ሠርጉ በሚውልበት ሰዓት ሄዶ ይየው። ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ በቀትር ፀሐይ የሚመታው ሊሆን ይችላልና። ለአንድ ተቀማጭ አንድ ሜትር ካሬ ያህል ቦታ፥ ለአስተናጋጆችም መተላለፊያ ቢታሰብ፥ ሦስት መቶ ሰው ሊጠራ ያሰበ ሰው ከሦስት መቶ ሜትር ካሬ የሚበልጥ ጥላ ያለው ስፍራ እንደሚያስፈልገው ይረዳል። ውሃው በዕለቱ ቢቋረጥ በርሜል አለ ወይ? መጸዳጃ ቤቱ ለስንት ሰው ይበቃል? መብራት ቢጠፋ ምን ይደረጋል? ዝናብ ቢመጣ ሕዝቡ ወዴት ይገባል? ከቤት የተጠመቀ ጠላና ጠጅ ማስገባት ይፈቀዳል ወይስ የግድ ከዚያው መግዛት ነው? ቀኑ ቢለወጥ የተከፈለው ቀብድ ይመለሳል? እነዚህን ሁሉ ጠይቆ የተስማሙበትን በጽሑፍ ማድረግ ይገባል። በጽሑፍ ያልሰፈረ ቃል ከሠርግ ማግስት ጠብ ያመጣል። አበባውንም ይመልከት፤ ብዙ ጊዜ ለምለም መስሎ የሚታየው ግድግዳ የላስቲክ ቅጠል ሆኖ ይገኛል። ለላስቲክ ቅጠል የደን ዋጋ መክፈል አያስመሰግንም።

ጓሮ ላለው ሰው ግን ከዳስ የሚበልጥ ለምለም ስፍራ የለም። ዳስን እንደ ድህነት ምልክት የሚቈጥሩ ሰዎች አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። በአዊ ደግሞ ዳስ ለመሥራት የተመቸ ነገር በየቤቱ ጓሮ በቅሏል። የቀርከሃ አገዳ ከመሬት በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፤ ከዚያም በኋላ አይወፍርም፤ ለሥራ የሚጠነክረው ግን ሦስት ዓመት ያህል ሲሞላው ነው። ስለዚህ ለዳስ የሚቈረጠው ቀለሙ የደበዘዘ፥ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብ የወጣበት ሽማግሌው አገዳ ይሁን። ሽፋኑ ገና ያልለቀቀውና አረንጓዴው የሚያበራው ልጅ አገዳ ግን ይተው፤ እናቲቱን የሚመግባት እርሱ ነውና። አንዱን ጓሮ አራቁቶ ከመጨረስ ደግሞ ከዘመድና ከጎረቤት ጓሮ ጥቂት ጥቂት መሰብሰብ ይሻላል።

እዚህ ላይ አባቶች በልማድ ያገኙት አንድ መልካም ግጥምጥም አለ። ቀርከሃ አዲስ ቡቃያ የሚያወጣው በክረምት ነው። በክረምት የተቈረጠ እንደ ሆነ ቡቃያው ይረገጣል፥ እንጨቱም ቶሎ ይነቅዛል። በበጋ የተቈረጠ ግን ይቆያል። ስለዚህ የቀርከሃ መቍረጫ ወራትና የሠርግ ወራት በጥር ይገናኛሉ። በጥር ለዳስ የቆመ ቀርከሃ ሠርጉ ሲያልፍ የሚጣል አይደለም፤ ማገሩ ለሙሽሮቹ አጥር፥ ቀሪው ለአልጋ፥ ለወንበርና ለጎተራ ይሆናል። የእንጅባራ ባለ እጆች ከዚሁ ቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ እየሠሩ የሚተዳደሩ ናቸውና፥ ከሠርጉ በፊት ከአንዱ ጋር ተነጋግሮ ልኩን ማስያዝ ይቻላል። ለመናፈሻ ኪራይ የተከፈለ ገንዘብ ግን በማታው ተሰናብቶ ይሄዳል።

ወለሉን ቄጤማ ይሸፍነዋል። ቄጤማ ከረግረግ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ በማጭድ ከላይ ይታጨድ እንጂ ከነሥሩ አይነቀል፤ የሚመጣውም በሠርጉ ዕለት ማለዳ ቢሆን ጠረኑ ቤቱን ይሞላዋል። በድስትና በእንስራ የተተከለ አበባ ከጎረቤት ተውሶ በዳሱ ዙሪያ መደርደር ይቻላል፤ በማግስቱም ለባለቤቱ ይመለሳል። አግዳሚውን፥ ድንኳኑን፥ ድስቱንና ሳሕኑን የሚያውሰው ዕድር ነው። ጋኑ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ለዚህ ደረቅ ቅርንጫፍ ይበቃል እንጂ የቆመ ወይራ መቍረጥ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን በብርቱ እናስጠነቅቃለን፤ እርሱም እሳት ነው። በጥር የደረቀ ቅጠልና ቀርከሃ በአንዲት ብልጭታ ይያያዛል። የወጥ ማብሰያው ስፍራ ከዳሱ ራቅ ብሎ፥ ነፋሱ ከዳሱ ወደ እሳቱ በሚነፍስበት በኩል ይሁን። የመብራት ሽቦ በደረቅ ቅጠል ላይ አይለፍ፤ ጄኔሬተርም ከዳሱ ውጭ ይቀመጥ። ውሃ የሞላ በርሜልና አሸዋ በቅርብ ይኑር፤ ዳሱም አንድ በር ብቻ አይኑረው።

ስለ ወጪም ጥቂት እንበል። በቃና ዘገሊላ ሠርግ ወይኑ ባለቀ ጊዜ የባለ ሠርጉን ኀፍረት የሸፈነ ጌታ፥ ሠርግን እንዳከበረ እናምናለን። ነገር ግን ያ ቤት ከዐቅሙ በላይ እንዲደግስ የታዘዘበት ቃል የለም። በጉድለት የደረሰውን ቸርነት እያሰብን፥ በትዕቢት ለምናመጣው ዕዳ ሰበብ አናድርገው። ባልና ሚስት ከሠርጉ ሦስት ወር አስቀድመው ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ያለውን ገንዘብ በደብተር ይጻፉ። በመጀመሪያ ለጎጆ መውጫ የሚሆነውን ለይተው ያስቀምጡ፤ የድግሱን ልክ የሚወስነው ከዚያ የተረፈው ይሁን። ብዙ ሰው ግን አስቀድሞ የሰው ቍጥር ይወስንና፥ ለጎጆው የተረፈውን ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም የሚተርፍ የለም።

በመጨረሻ ስለ ችግኝ እንናገር። በዛሬ ጊዜ ሙሽሮች በሠርጋቸው ዕለት ዛፍ ሲተክሉ ይታያል፤ አሳቡ የተቀደሰ ነው። ነገር ግን በጥር የተተከለ ችግኝ ውሃ የሚያጠጣው ካላገኘ የካቲትን አያልፍም፤ ፎቶግራፉ ይቀራል፥ ዛፉ ይሞታል። ስለዚህ በሠርጉ ዕለት ጕድጓዱ ይቈፈር፤ ችግኙ ግን ዝናብ በጠናበት በሐምሌ ይተከል። በሐምሌ ሙሽሮቹ ከተጋቡ ስድስት ወር ያህላቸው ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ያን ቀን ዳግመኛ ተገናኝተው፥ ኮሶ ወይም ወይራ ወይም ዝግባ ቢተክሉ፥ የልጆቻቸው ኑሮ እንዴት እንደ ያዘ ለመመልከትም ምክንያት ያገኛሉ። ስድስተኛው ወር የሙሽርነቱ ዘፈን ጸጥ ብሎ፥ የኑሮ ሸክም መሰማት የሚጀምርበት ነውና፥ የወላጅ እግር በዚያን ጊዜ ወደ ልጅ ቤት መርገጡ እጅግ ያስፈልጋል።

ከላይ ያነሣነው አባትስ ምን አደረገ? ከዚያ ምሽት በኋላ ለሦስት ቀን ከዲከረንሱ ማሳ ዳር ሲመላለስ ሰነበተ። በዐራተኛው ቀን ወደ ልጁ መጥቶ፥ «ዳሱን በጓሮ በኩል፥ ከወይራው ሥር እንጣለው። ሰው የሚለውን ይበል» አላት። ልጂቱም ጓደኛዋ ከተዳረችበት መናፈሻ የበለጠ ጥላ በአባትዋ ወይራ ሥር እንዳለ ያን ጊዜ ተመለከተች። ዲከረንሱ በቦታው ቆመ፤ ለወንድምየው ትምህርት የታሰበውም አልተነካም። እድምተኞቹም ከቄጤማው ጠረንና ከቀርከሃው ጥላ በታች ውለው፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ መርቀው ተለያዩ። የዳሱ ማገር በሳምንቱ ተነቅሎ የአዲሱ ጎጆ አጥር ሆነ።

ሐምሌ በገባ ጊዜም አባት ከጓሮው አንድ የቀርከሃ ጕንድ ከነሥሩ ነቅሎ፥ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፥ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ልጁ ቤት ሄደ። ከአጥሩ ጥግ ቈፍሮ ተከለላትና፥ «ይህ በበዛ ጊዜ፥ አንቺም ለልጅሽ ዳስ አትገዢም» አላት።